ተሳታፊ ሦስት

ናፍቆት በለጠ የማኅበራዊ ሥራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሆና በቆየችባቸው ዓመታት ስለ ሰው ልጅ ስብራት ብዙ አንብባለች፤ አንድ አዛውንት ከተቀመጡበት ሲነሡ ድምፅ የማያሰማ ስብራት ሊኖር እንደሚችል ግን ከዚያች ቅዳሜ በፊት አልገመተችም ነበር።

ከኮዬ ፈጬ ጀርባ፣ የመጨረሻዎቹ ሕንፃዎች አልቀው አሮጌዎቹ የቆርቆሮ ቤቶች በሚጀምሩበት ጫፍ፣ ኦቦ ሶሬሳ ዲንቃ ደጃቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ያደታ የናፍቆትን የመመረቂያ ጥናት ረቂቅ ገጽ በገጽ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ያነብላቸዋል። ያደታ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ጋራዥ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ለጥናቱ ግን አስተርጓሚዋ ነበር። እርሻቸው ከተማ የሆነባቸውን አረጋውያን ሲያነጋግሩ በከረሙበት ወራት፣ እርሱ በሁለት ቋንቋዎች መካከል ሲመላለስ፣ ከሁለቱም ቋንቋ ውጪ የሆነ ነገር በመካከላቸው በቅሏል። አንድ ዓረፍተ ነገር ተርጉሞ ሲጨርስ ዓይኑን ወደ እርሷ ያነሣል፤ እርሷም መልሱን ከመጻፏ በፊት ያን እይታ ትጠብቃለች። ስሙን ያልጠሩት፣ ለማንም ያልነገሩት ፍቅር ነበር።

“እኔ የቱ ነኝ?” አሉ ኦቦ ሶሬሳ በድንገት፣ እርሷም እንድትሰማ በአማርኛ።

ያደታ ገጹን ገለጠ፤ መልሶም ገለጠ። “ይኸው አባ። ‘ያረስኩት መሬት ዛሬም ከእግሬ ሥር ነው፤ እግሬ ነው የማያውቀው’ ያሉት።”

“ቃሉስ የእኔ ነው። ከቃሉ ፊት ምን ይላል?”

“ተሳታፊ ሦስት።”

“ሦስት ማን ነው?”

“እርስዎ ነዎት፣ አባ።”

ናፍቆት ፈጥና ገባች። “ስምዎን ያልጻፍኩት ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አባባ። የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አለን። ጥናቱን የሚያነብ ሰው ማንነትዎን እንዳያውቅ ነው።”

“ማንነቴን እንዳያውቅ” ሲሉ ደገሙት፤ ቃሉን እንደማያውቁት እህል በጥርሳቸው የሚሞክሩት ይመስሉ ነበር። “ልጄ፣ እኔ ምን ሰርቄአለሁ?”

በዚያ መንደር አንድ አዛውንት ቁም ነገር ከመናገሩ በፊት አባቶቹን ይቆጥራል፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ እስከ ጎሣው አባት ይወጣና ከዚያ ወዲህ ምስክርነቱን ይጀምራል። ቆጠራው የሌለበት ቃል ባለቤት እንደሌለው ከብት ነው፤ ማንም ነድቶ ይወስደዋል። ናፍቆት ይህን ቆጠራ ከየቃለ ምልልሱ የድምፅ ቅጂ መጀመሪያ ላይ በጥንቃቄ ቆርጣ አውጥታዋለች። ደንቡ ማንነትን የሚገልጥ መረጃ ይሰረዝ ይላልና።

ኦቦ ሶሬሳ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። “ሻይ ሳትጠጪ እንዳትሄጂ” አሏት፤ ወደ ውስጥም ገቡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ያ ጨዋነት ለማያውቁት መንገደኛ የሚሰጥ ጨዋነት ነበር፤ ትናንት ግን በዚህ ደጅ ልጅ ነበረች።

*

ናፍቆት ወደ ካምፓስ ልትመለስ ወደ ታክሲው ማዞሪያ ሲወርዱ ያደታ ከእርሷ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ይራመድ ነበር።

“ስማቸው እንደማይጻፍ ፈቃዳቸውን ስንጠይቅ የተረጎምክላቸው አንተ ነህ” አለችው። “እሺ ብለዋል።”

“ብለዋል። እንግዳ ደጅሽ ድረስ መጥቶ ‘ይኼን ላድርግ?’ ቢልሽ እምቢ ትያለሽ? እሺ ያሉት ለደንብሽ አይደለም። ለእንግድነትሽ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም ያልሽኝ ማን ነው? ሥልጠናውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።”

አንድ የሲሚንቶ መኪና አቧራውን አስነሥቶ አለፈ፤ አቧራው እስኪያርፍ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

“ባለፈው ካምፓስ በር ላይ መምህሮችሽን ስናገኝ” አለ፣ “‘የመስክ ረዳቴ ነው’ አልሽ።”

“ነህ እኮ፣ ያዴ።”

“ነኝ። ግን ይህን ከማለትሽ በፊት እጄን ለቀቅሽ።”

ናፍቆት የምትናገረው ነበራት። አስተርጓሚዬን እወደዋለሁ ብትል የጥናቷ ተአማኒነት እንደሚናጋ፣ የሚገመግሟት ሁሉ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጥርጣሬ እንደሚያዩት፣ ጥናቷን በፈታኞች ፊት እስከምትከላከልበት እስከ ዲፌንሱ ቀን ብቻ እንዲታገሳት ልትለምነው ፈለገች። ዳሩ ግን እውነት ሲዘገይ የሰበብ መልክ ይይዛል። እርሷም መልኩን ታውቀዋለችና አፏ ተያዘ።

“ሳሪስ! በቃሊቲ ሳሪስ!” ይላል የታክሲው ረዳት። “እህት፣ ብቻሽን ነሽ ወይስ ሁለት ናችሁ?”

“አንድ ናት” አለ ያደታ። በሩን ከፍቶ አስገባትና ዝቅ ባለ ድምፅ “አባቴን ቁጥር አደረግሻቸው፤ እኔን ረዳት። ደንቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ናፍቆት። እኔ ግን ስሜ በማይጠራበት ልብ ውስጥ መኖር አልችልም” አላት።

በሩን ራሱ ዘጋው፤ ቀስ አድርጎ። ያ ቀስ ማለቱ እስከ ሳሪስ ድረስ ከጎኗ ተቀምጦ ሄደ።

*

“ተሳታፊ ሦስትን ያስቀየምሽው አንቺ ነሽ አሉ” አለች መርዋ፣ በማግስቱ ናፍቆትን በእናቷ ቤት ስታገኛት። መርዋ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ አባቷ ሳሪስ ላይ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ነጋዴ ናቸው። “አባቴ ሱቅ ውስጥ ድመቷ እንኳ ስም አላት፣ ናፊ። አንቺ አንድ ሽማግሌ ያለ ስም አስቀመጥሽ።”

“አታሹፊብኝ።”

“ላሹፍ እንጂ፤ አብሬሽ ካለቀስኩማ ሁለታችንም ሳንመረቅ ቀረን።”

የናፍቆት እናት ወይዘሮ ድንቅነሽ ከክር ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ ሴት ናቸው። ለዚህ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤት ከባለቤታቸው ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ገንዘብ ቆጥበዋል፤ ዕጣው ሲወጣ ግን ባለቤታቸው በሕይወት አልነበሩም። ከቀብሩ ወዲህ የሟቹን ስም በዚህ ቤት ውስጥ ሲጠሩ የሰማ የለም። አሁንም የልጃገረዶቹን ወሬ እንዳልሰሙ ሆነው ብርጭቆ ሲያጥቡ ቆዩና ዞር አሉ።

“ያ አስተርጓሚ ነው ብለሽ ያመጣሽው ልጅ” አሉ፣ “እዚህ ሻይ ሲጠጣ ወለሉን ነበር የሚያየው።”

“ዓይን አፋር ስለሆነ ነው፣ እማዬ።”

“አይደለም። ከወለሉ ሥር ያለውን ነው የሚያየው። እዚህ ያረሱት አባቱ አይደሉ?” እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። “ልጁን አልጠላሁትም። ነገር ግን ሌላ ሰው ‘የእኔ ነበር’ እያለ በዓይኑ በሚለካው ቤት ውስጥ ማርጀት አልፈልግም። አባትሽ… እሱ ሳያየው የቀረ ቤት ነው።”

መርዋ እንኳ ቀልድ አላገኘችም። ናፍቆት በሁለት ሐዘኖች መካከል መቆሟ ያን ጊዜ ገባት፤ አንደኛው መሬቱን ያጣ ሰው ሐዘን ነው፣ ሁለተኛው ቤቱን ሳያይ የሞተ ሰው ሐዘን። ሁለቱ ሐዘኖች አንዱ በሌላው ላይ ተሠርተዋል፤ ሆኖም ተዋውቀው አያውቁም። እርሷ ሁለቱንም ትወድዳለች፤ ጭንቀቷም ይኸው ነበር።

*

አማካሪዋ ዶክተር ፀሐዩ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ።

“ደንቡ የተሠራው ደካማውን ለመጠበቅ ነው” አሉ። “ሰውዬው ‘ከስሜ አትጠብቁኝ’ ካለ ግን የምንጠብቀው ማንን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አመልክቺ። ከተፈቀደልሽ እያንዳንዳቸውን እንደ ገና ጠይቂ፤ ‘እሺ’ ማለት ቀላል በማይሆንበት መንገድ ጠይቂ።”

“አንድ ነገር ይቀረኛል” አለች። “አስተርጓሚውን እወደዋለሁ።”

ዶክተር ፀሐዩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ አሻግረው በደንብ ሊያዩዋት የፈለጉ ይመስላል። “እንግዲያው ቅጂዎቹን በሙሉ ሌላ ሰው እንደ ገና ይተርጉማቸው። ስትጠየቂም ቆመሽ መልሺ። ፍቅር ጥናትን አያበላሽም፣ ናፍቆት። የተደበቀ ፍቅር ግን ያበላሻል።”

ኮሚቴው ፈቀደ። የኦሮምኛ መምህር የሆኑት ሮሪሳ ቅጂዎቹን በአዲስ ጆሮ ሰምተው ተረጎሙ። ናፍቆትም ወደ መንደሩ ተመልሳ ጥያቄዋን ለአረጋውያኑ አቀረበች፤ መልሱን ግን ለእርሷ እንዳይሰጧት፣ አድረው፣ ከዘመድ መክረው፣ እርሷ በሌለችበት ለመምህር ሮሪሳ እንዲነግሩ ለመነቻቸው። ለእንግዳ ሳይሆን ለራሳቸው እንዲመልሱ ነው። ብዙዎቹ ስማቸው ከነአባቶቻቸው ይግባ አሉ። አዴ ጋዲሴ የሚባሉ አሮጊት ግን “የእኔን ተዪው” ብለው ላኩ፤ “ልጆቼ ከአጎቶቻቸው ጋር ገና አልታረቁም፤ ስሜ ቢወጣ እሳት ነው።” ናፍቆት የእርሳቸውን ስም እንደ ቀድሞው ሸሸገች፤ ደንቡን ከመናቅ የታደጋት ይህ መልስ ነበር። ኦቦ ሶሬሳ ያሉት አጭር ነው፦ “ስሜ ይግባ፤ መጽሐፍሽ የሚነበብበትን ቤት ግን በዓይኔ ልየው።”

መምህር ሮሪሳ ሥራቸውን ሲያስረክቧት ፈገግ ብለው “አስተርጓሚሽ ታማኝ ነው” አሏት። “አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ዘልሏል።” ገጹን አሳዩዋት። ናፍቆት ያን ዓረፍተ ነገር አንብባ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አሞሻል ወይ ብሎ እስኪጠይቃት ድረስ።

በዚያው ምሽት ለያደታ ጻፈችለት፦ “ዲፌንሴ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከአባትህ ጋር ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትመጣም ስማቸው በቦታው አለ። ያንተም።” መልእክቱን ማንበቡ ታየ። መልስ ግን አልመጣም፤ ሐሙስ እስኪነጋም ስልኳ እንደ ድንጋይ ከበዳት።

*

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ድንቅነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ከመርዋ ጎን ተቀምጠዋል። ናፍቆት ገለጻዋን ስትጀምር በሩን አየች፤ ስታጋምስም አየች። ልትጨርስ ስትል በሩ ተከፈተና ጋቢ የለበሱ አረጋውያን በትራቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ወለሉ እንዳይጮኽ እየተጠነቀቁ ገቡ። የመጨረሻው ያደታ ነበር። ከግድግዳው ጥግ ቆመ። ዓይኑን ወደ እርሷ አላነሣም።

የውጭ ፈታኙ ፕሮፌሰር ዘአማኑኤል በጥያቄያቸው የሚፈሩ ሰው ናቸው። “አስተርጓሚሽ የአንዱ ተሳታፊ ልጅ ነው” አሉ ረጋ ብለው። “የአባቱን ቃል ሲተረጉም ገለልተኛ እንደነበር በምን አረጋገጥሽ?”

“ገለልተኛ አልነበረም፣ ፕሮፌሰር።”

በአዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ተንቋቁ። ፈታኙ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

“ቅጂዎቹን በሙሉ ሌላ ባለሙያ ተርጉሟቸዋል” ስትል ቀጠለች። “ሁለቱ ትርጉሞች ይስማማሉ። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።”

“ምን የሚል?”

ናፍቆት ወረቀቷን አላየችም። “ኦቦ ሶሬሳን ‘ከመሬቱ ምን ቀረልዎ?’ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ያልተተረጎመው መልሳቸው እንዲህ ይላል፦ ‘ልጄ ይህችን ጠያቂ ሲያያት ዓይኑ ውስጥ የማየው ነገር ቀርቶልኛል፤ እርሻ ሳለን ዝናብ ሲመጣ እንደዚያ ነበር የሚያየው።’”

በአዳራሹ ትንሽ ሳቅ ተነሣና ወዲያው በረደ። ሁሉም እርሷን እያየ ስለነበር ከግድግዳው ጥግ ያደታ ራሱን ቀና ማድረጉን ያየችው እርሷ ብቻ ናት።

“ዓረፍተ ነገሩን ያስዘለለው ፍቅር ነው” አለች። “የእርሱ ብቻ ደግሞ አይደለም። ከዚህ በፊት በመምህሮቼ ፊት የመስክ ረዳቴ ነው ብዬዋለሁ፤ እውነት ነበር፣ ሙሉ እውነት ግን አልነበረም። ስሙ ያደታ ሶሬሳ ይባላል። እወደዋለሁ። በጥናቱ የሥነ ዘዴ ምዕራፍ ውስጥም ጽፌዋለሁ፤ የሚያነበኝ ሰው ይህን አውቆ ያንብበኝ፤ የሚመዝነኝም ይህን አውቆ ይመዝነኝ።”

ከዚያ አንድ በትር ወለሉን በቀስታ መታ። ኦቦ ሶሬሳ ቆመዋል።

“ለመናገር ይፈቀዳል?” ሲሉ ጠየቁ።

ፕሮፌሰሩ ወደ ዶክተር ፀሐዩ አዩ፤ ከዚያ “ይፈቀዳል፣ አባቴ” አሉ።

“እኔ ሶሬሳ ነኝ። ሶሬሳ ዲንቃ። ዲንቃ ጉርሜሳ። ጉርሜሳ ቱፋ። ቱፋ ጅሩ…” ስሞቹ አንድ በአንድ፣ እንደ ሰው፣ በዚያ ባለ ነጭ መብራት አዳራሽ ውስጥ ገብተው ቆሙ። አዛውንቱ አልቸኮሉም። በመጨረሻ የደረሱበት ስም የታክሲ ረዳቶች ከማለዳ እስከ ማታ የሚጠሩት፣ ተሳፋሪ ሁሉ ማዞሪያ ነው ብሎ የሚያውቀው ስም ነበር፦ “…ገላን።” የሰው አባት ስም መሆኑን አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ሰማ። “ይህች ልጅ የተናገረችው ቃል የእኔ ነው” አሉ። “በሚገባ አድርሳዋለች። ጨርሻለሁ።”

ፕሮፌሰር ዘአማኑኤል ብዕራቸውን መልሰው አነሡ። “የቅም አያትዎን ስም ይድገሙልኝ” አሉ፤ “ልጽፈው።”

ውጤቱ ሲነገር፣ እጅግ በጣም ጥሩ በሚል ማዕረግ ማለፏ ሲታወጅ፣ መርዋ እልልታውን አቀለጠችው። ናፍቆት ግን ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ያደታን እስክታገኘው ድረስ ምንም አልሰማችም።

“ሥልጠናውን ወድቄአለሁ መሰለኝ” አላት። “አንድ ዓረፍተ ነገር ዘለልኩ።”

“ለምን ዘለልከው?”

“በሌላ ሰው ቃል ልነግርሽ አልፈለግሁም። በራሴ ልነግርሽ ነበር።” አየት አደረጋት፤ ያ የድሮው እይታ፣ ከትርጉም በኋላ የሚመጣው። “ቀደምሽኝ።”

እጁን ያዘችው። መምህሮቿ እየተጨዋወቱ በአጠገባቸው ሲያልፉ ጣቶቹ ሊላሉ ሞከሩ፤ ከልምድ ነው። እርሷ ግን አጥብቃ ያዘች። እርሱም ገባው፤ ጣቶቹም በእጇ ውስጥ አረፉ።

*

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ከሐሙስ ጀምሮ ስለ ነገሩ ቃል አልተነፈሱም፤ ቤቱን ግን ሁለት ጊዜ አጥበውታል። ኦቦ ሶሬሳ ከበሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ “ይግቡ፣ ይግቡ” አሏቸው፤ ከዚያ ግን በመስኮቱና በእንግዳው መካከል ቆመው ቀሩ። አዛውንቱ ወለሉን እያዩ ነበር።

እናቷ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ “እዚህ ቦታ ምን ነበር?” ሲሉ ጠየቁ።

“ጤፍ ነበር፣ እመቤት።” ኦቦ ሶሬሳ ቀና አሉ። “ጥቁር አፈር ነው፤ የረገጠውን አይለቅም። ጤፍ ይወድ ነበር፤ ሰውም የሚወድ ይመስለኛል። ወለሉን ያየሁት ልለካው አይደለም። ብዙ ዘመን አብረን የኖርን ነን፤ ሰላም ልለው ነው።”

የወይዘሮ ድንቅነሽ ትከሻ ከብዙ ዓመት በኋላ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ዝቅ አለ። “ይቀመጡ” አሉ። “የእርስዎም ቤት ነው” ሊሉ ፈልገው አንደበታቸው አልደፈረም፤ ግን ከሁሉ የሚመቸውን ወንበር፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልተቀመጠበትን፣ ወደ እርሳቸው ሳቡት።

ልጅቷ ተጠየቀች። እንደ ወጉ፣ ሁለቱ ቤቶች በሥጋ እንዳይዛመዱ አባቶች መቆጠር ነበረባቸው። ኦቦ ሶሬሳ የራሳቸውን ቆጠሩ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ “የልጃችንስ አባት ማን ይባላሉ?” አሉ።

ናፍቆት ልትመልስ ከንፈሯን ስታላቅቅ እናቷ በእጃቸው አስቆሟት።

“በለጠ” አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። ስሙ ከጉሮሯቸው ሲወጣ ተንገዳገደ። “በለጠ ወንድምአገኘሁ። ስንጋባ ቆጥሮልኛል፤ ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር።” ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ወንድምአገኘሁ ሽፈራው። ሽፈራው እንግዳወርቅ…”

ድምፃቸው በያንዳንዱ ስም እየጠና፣ እየሞቀ ሄደ። ያደታ ወለሉን አላየም፤ የሚያየው የአማቱን ፊት ነበር፤ ያ ዝናብ የሚያይበት ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል። ናፍቆትም ሰማች፤ ይህን ቤት ሳያይ የሞተው አባቷ በስሙ ተጠርቶ፣ ከነአባቶቹ፣ ማንም ሳይከለክለው ሲገባ ሰማች። ደስታ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ አወቀች፤ ያቺ ጠባብ ሳሎን ግን ለሁሉም በቃች።